የሙዝ ባንቺ ቶፕ በሽታ

የሙዝ ባንቺ ቶፕ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ የሙዝ ተክል በሽታ ነው። ሙዝን ከሚያጠቁ የቫይረስ በሽታዎች መካከል ከፍተኛውን ጉዳት የሚያደርስ እንደሆነ ይታወቃል። በበሽታው የተያዘ ተክል አዳዲስ ቅጠሎቹ እያጠሩና እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ ከዚያም ወደ ላይ ቀጥ ብለው አናቱ ላይ ይሰበሰባሉ። በልጅነቱ የተያዘ ሙዝ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬ ሳይሰጥ ይቀራል። የታመመን ተክል የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም።

በሽታው በሁለት መንገድ ይዛመታል። አንደኛው የሙዝ ክሽክሽ የሚባል ትንሽ ተባይ ሲሆን ሁለተኛው ሰዎች ለተከላ ከቦታ ቦታ የሚያዘዋውሩት የታመመ ችግኝ ነው። ስለዚህ መከላከያው በሦስት ነገሮች ላይ ይቆማል፦ ንጹሕ ችግኝ መትከል፣ ምልክቱን ቀድሞ ማወቅ፣ የታመመውን ተክል ከነኮርሙ ማጥፋት። በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜና ቃላት

«ባንቺ ቶፕ» የሚለው ስም ከእንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን «አናቱ ላይ የተሰበሰበ» እንደ ማለት ነው። ስሙ በሽታው የጠናበትን ተክል መልክ ይገልጻል። በመጣጥፉ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚነሱ ቃላት የሚከተሉት ናቸው፦

- ኮርም፦ ከመሬት በታች ያለው የሙዝ እውነተኛ ግንድ ነው። ከመሬት በላይ ግንድ የሚመስለው ክፍል እርስ በርሱ የተጠቀለለ የቅጠል ሽፋን ነው። በእንሰት ላይ አምቾ የሚባለው ክፍል ከኮርም ጋር ተመሳሳይ ነው።
- ልጅ፦ ከእናት ተክሉ ኮርም ላይ የሚበቅል አዲስ ቡቃያ ነው። ሙዝ በአብዛኛው የሚራባው ልጁን ነቅሎ በመትከል ነው።
- እግር፦ ከአንድ ኮርም የበቀሉት እናትና ልጆች በአንድነት የሚጠሩበት ስም ነው።
- ክሽክሽ፦ የተክል ፈሳሽ እየመጠጠ የሚኖር ለስላሳ ሰውነት ያለው ትንሽ ተባይ ነው።

ታሪክና ስርጭት

በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተመዘገበው በ1889 በፓስፊክ ውቅያኖስ በምትገኘው በፊጂ ነው። በዚያው አገር ቢያንስ ከ1879 ጀምሮ እንደነበረ የሚጠቁም ማስረጃ አለ። በ1901 በግብፅ፣ በ1913 ደግሞ በአውስትራሊያና በስሪ ላንካ ታየ። ወደ አውስትራሊያ የገባው ከፊጂ በመጣ የተከላ ሙዝ እንደሆነ ይታመናል። ከስሪ ላንካ ወደ ሕንድ የተሻገረው በ1940 አካባቢ ነው። በሐዋይ በ1989 ተገኘ።

ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በመጀመሪያ የተመዘገበው በ1958 በዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ ነው። ከዚያ ወዲህ በሩዋንዳ፣ በቡሩንዲ፣ በአንጎላ፣ በጋቦን፣ በካሜሩንና በማላዊ ታይቷል። በ2011 ቤኒን ውስጥ፣ በ2012 ናይጄሪያ ውስጥ መኖሩ ተረጋገጠ። ከ2016 ወዲህ ሞዛምቢክ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ቶጎ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ወደ ዝርዝሩ ገብተዋል።

በሌላ በኩል ብዙውን የዓለም የወጪ ንግድ ሙዝ የሚያመርቱት የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ አገሮች ከዚህ በሽታ ነጻ ናቸው። እነዚህ አገሮች የሙዝ ችግኝ ከውጭ እንዳይገባ የሚያደርጉት ጥብቅ ቁጥጥር አንዱ ምክንያት ይህ በሽታ ነው።

የበሽታው ታሪክ ሲታይ ከአህጉር ወደ አህጉር የተጓዘው በነፋስ ወይም በተባይ ክንፍ አይደለም። በእያንዳንዱ ረጅም ጉዞ ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ይዞት የሄደ ችግኝ አለ። ክሽክሹ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

መንስኤው

በሽታውን የሚያመጣው የሙዝ ባንቺ ቶፕ ቫይረስ ይባላል። ናኖቪሪዴ በሚባለው የቫይረሶች ቤተሰብ ውስጥ በባቡቫይረስ ወገን ይመደባል። የቫይረሱ ቅንጣት ክብ መሰል ሲሆን ስፋቱ ከ18 እስከ 20 ናኖሜትር ብቻ ነው። ይህም ከታወቁት የተክል ቫይረሶች በጣም ትንንሾቹ ተርታ ያሰልፈዋል።

የቫይረሱ የዘር መረጃ በአንድ ቦታ የተቀመጠ አይደለም። በስድስት ትንንሽ ቀለበት መሰል ነጠላ ሰንሰለት ዲኤንኤዎች ተከፋፍሏል። እያንዳንዱ ቀለበት ወደ 1,000 ወይም 1,100 ገደማ የዘር ፊደላት ይይዛል፤ እያንዳንዱም በራሱ ቅንጣት ውስጥ ተሸፍኖ ይገኛል። አንዱ ቫይረሱን የማባዛት፣ ሌላው የውጭ ሽፋኑን የመሥራት፣ ሌሎቹ ደግሞ በሕዋሳት መካከልና ወደ ሕዋስ አስኳል የማጓጓዝ ሥራ አላቸው።

ቫይረሱ የሚኖረው በተክሉ ፍሎኤም ውስጥ ነው። ፍሎኤም በቅጠል የተሠራውን ምግብ ወደ ሌላው የተክሉ ክፍል የሚያደርስ ቧንቧ ነው። የበሽታው ብዙ ባሕርያት ከዚህ ይመነጫሉ። ጥቁር አረንጓዴ መስመሮቹ በቅጠሉ ጅማቶች ላይ ተከትለው የሚታዩት፣ ተክሉም የሚቀጭጨው በዚህ ምክንያት ነው። ቫይረሱ በምግብ ቧንቧው ወደ ኮርሙ ስለሚወርድ ከዚያ ኮርም የሚወጡት ልጆች ሁሉ ውሎ አድሮ ይያዛሉ።

የቫይረሱ ተጠቂዎች በሙዝ ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ተክሎች ናቸው። የሚበላው ሙዝ፣ የዱር ሙዝ፣ ለቃጫ የሚመረተው አባካ እና እንሰት በተጠቂነት ከተመዘገቡት መካከል ይገኛሉ። ቫይረሱ ሰውንም ሆነ እንስሳን አያጠቃም። ከታመመ ተክል የተገኘ ፍሬ ቢበላ በጤና ላይ ጉዳት የለውም።

መተላለፊያ መንገዶች

በክሽክሽ

ቫይረሱን የሚያስተላልፈው ተባይ የሙዝ ክሽክሽ ሲሆን ሳይንሳዊ ስሙ ፔንታሎኒያ ኒግሮኔርቮሳ ነው። ቀለሙ ከቀይ ቡናማ እስከ ጥቁር ይደርሳል፤ ርዝመቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሜትር ነው። በግንዱ ሥር ከአፈር ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ በቅጠል ሽፋኖች ውስጥ፣ ገና ባልተዘረጋ ቅጠል ጥቅል ውስጥና በትንንሽ ልጆች ላይ ይሰፍራል። በአብዛኛው ሴቶቹ ያለ ወንድ፣ እንቁላል ሳይጥሉ ይወልዳሉ። በዚህ ምክንያት ቁጥራቸው ቶሎ ይበዛል። ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ጉንዳኖች ስለሚወዱት በሙዝ ግንድ ላይ የሚመላለስ የጉንዳን ሰልፍ ክሽክሽ መኖሩን ሊጠቁም ይችላል።

ክሽክሹ ቫይረሱን ለመውሰድ ከታመመ ተክል ላይ ቢያንስ ለ4 ሰዓት ያህል መመገብ አለበት። ቫይረሱ በሰውነቱ ውስጥ አልፎ ወደ ምራቁ እስኪደርስ ጥቂት ሰዓታት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ጤነኛ ተክልን ለመበከል 15 ደቂቃ መመገብ ሊበቃው ይችላል። ቫይረሱን አንዴ የያዘ ክሽክሽ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ ብዙ ጊዜም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ ያስተላልፋል። ይሁን እንጂ ቫይረሱ በክሽክሹ ሰውነት ውስጥ አይባዛም፤ ወደ ልጆቹም አይተላለፍም።

ክንፍ የሌላቸው ክሽክሾች ሩቅ አይሄዱም። ተክሉ ሲጨናነቅ ወይም ሲደርቅ ክንፍ ያላቸው ይፈጠራሉ፤ እነርሱም ወደ ሌላ ተክል ይበራሉ። በአውስትራሊያ በተደረጉ የመስክ ጥናቶች አዲስ የታመመ ተክል ከበሽታው ምንጭ የሚርቀው በአማካይ ከ15 እስከ 17 ሜትር ነበር፤ ከ86 ሜትር ያለፈው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ የታመመ እግር በቅድሚያ የሚያሰጋው የራሱን ማሳና የቅርብ ጎረቤትን ነው።

በተከላ ችግኝ

የታመመ ልጅ፣ ኮርም ወይም ከታመመ እናት በቲሹ ካልቸር የተባዛ ችግኝ ቫይረሱን ይዞ ይሄዳል። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪታይ ተክሉ በአማካይ ወደ አራት የሚጠጉ አዳዲስ ቅጠሎችን ያወጣል። ሙዝ በሞቃት ወቅት በየሳምንቱ ወይም በየዐሥር ቀኑ አንድ ቅጠል ስለሚያወጣ ይህ ጊዜ አንድ ወር ገደማ ነው። በቀዝቃዛ ወቅት ወደ ሦስት ወር ሊጠጋ ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ያለ ልጅ ለዓይን ጤነኛ ይመስላል፤ ሊሸጥና ሊተከልም ይችላል። የበሽታው ትልቁ አስቸጋሪነትም ይኸው ነው።

የማይተላለፍባቸው መንገዶች

ቫይረሱ በአፈር፣ በውሃ፣ በነፋስ ወይም በገጀራ አይተላለፍም። ይህ ከሙዝና ከእንሰት የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ይለየዋል፤ አጠውልግ በዋናነት በመቁረጫ መሣሪያ የሚዛመት ነውና። ሆኖም አርሶ አደሩ ሁለቱንም በዓይን በእርግጠኝነት መለየት በማይችልበት ቦታ መሣሪያን ማጽዳት ጠቃሚ ልማድ ነው።

ምልክቶች

ምልክቶቹ የሚታዩት ከበሽታው በኋላ በሚወጡ ቅጠሎች ላይ ነው። ቀድመው የወጡት ቅጠሎች ጤነኛ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ተክልን የሚመረምር ሰው ማየት ያለበት አዲሶቹን ቅጠሎች ነው። የምልክቶቹ ቅደም ተከተል በአብዛኛው እንደሚከተለው ነው።

1. ነጥብና ሰረዝ፦ የመጀመሪያው ምልክት በቅጠሉ ጀርባ በጥቃቅን ጅማቶች ላይ የሚታዩ ጥቁር አረንጓዴ ነጥቦችና አጫጭር ሰረዞች ናቸው። በቴሌግራፍ ዘመን ይሠራበት ከነበረው የሞርስ ኮድ ጋር ስለሚመሳሰሉ በዚያው ስም ይጠራሉ። ቅጠሉን ከጀርባው ወደ ፀሐይ አንጋጦ ማየት ምልክቱን በደንብ ያሳያል። በቅጠሉ ላይ ያለው ነጭ አቧራ መሰል ሽፋን በጣት ቢጠረግ መስመሮቹ ይበልጥ ይጎላሉ።

2. መንጠቆ፦ ጥቃቅኖቹ ጅማቶች ከመካከለኛው ወፍራም ጅማት ጋር በሚገናኙበት ቦታ ጥቁር አረንጓዴው መስመር ወደ ታች ታጥፎ እንደ መንጠቆ ይሆናል። ይህ ለባንቺ ቶፕ መለያ ከሆኑት ምልክቶች ዋነኛው ነው።

3. በቅጠሉ አንገትና በግንዱ ላይ የሚታይ መስመር፦ ተመሳሳይ ጥቁር አረንጓዴ ሰረዞች ቅጠሉን ከግንዱ በሚያገናኘው አንገት ላይ፣ አንዳንዴም በግንዱ ላይ ይታያሉ።

4. የቅጠል መጥበብና መገርጣት፦ ተከታዮቹ ቅጠሎች ከቀደሙት ያነሱ፣ የጠበቡና ወደ ላይ የቆሙ ይሆናሉ። ጠርዛቸው ቢጫ ሆኖ ይሸበሸባል፤ ሲነኩም በቀላሉ ይሰበራሉ።

5. መሰብሰብ፦ በመጨረሻ ቅጠሎቹ ከግንዱ አናት ላይ ተጨናንቀው ይቆማሉ። በዚህ ደረጃ በሽታው ከሩቅ ይታወቃል።

ምልክቱ እንደ ተክሉ ዕድሜ ይለያያል። ከታመመ ኮርም የወጣ ልጅ ከመጀመሪያው ቅጠል ጀምሮ ድንክ ነው፤ ቅጠሎቹ ቀጫጭንና ቀጥ ያሉ ናቸው። በማደግ ላይ ሳለ የተያዘ ተክል ዘለላው ከግንዱ መውጣት ተስኖት ሊታነቅ ወይም ፍሬው ትንሽና የተጣመመ ሊሆን ይችላል። አበባ ሊያወጣ ሲል የተያዘ ተክል ደግሞ የዚያን ዘለላ ምርት ሊሰጥ ይችላል፤ በወንዴው አበባ እምቡጥ ሽፋኖች ጫፍ ላይ ግን አረንጓዴ ቅጠል መሰል ነገር ይታያል። ይህ የመጨረሻው ዓይነት ተክል አታላይ ነው፤ ምርት ስለሰጠ ጤነኛ ይመስላል፤ ልጆቹ ግን ታምመው ይወጣሉ።

ከሌሎች ችግሮች ጋር ያለው ልዩነት

የሙዝ ቅጠል ቢጫ መሆን ወይም መቀጨጭ ብቻውን ባንቺ ቶፕን አያመለክትም። በብዛት የሚምታቱት የሚከተሉት ናቸው።

- የሙዝ ስትሪክ ቫይረስ፦ በቅጠሉ ላይ በጅማቶቹ አቅጣጫ ቢጫ ጭረቶች ይወጣሉ፤ በኋላ ወደ ቡናማና ጥቁር ይለወጣሉ። የሚተላለፈው ሚሊባግ በሚባሉ ነጭ ዱቄት የለበሱ ተባዮችና በችግኝ ነው። የዚህ ቫይረስ ዘር በአንዳንድ የሙዝ ዝርያዎች የዘር መረጃ ውስጥ ተቀላቅሎ ይገኛል። ስለዚህ ከውጭ ሳይገባ በተክሉ ውስጥ ሊቀሰቀስ ይችላል።
- የኩከምበር ሞዛይክ ቫይረስ፦ በቅጠሉ ላይ ቢጫና አረንጓዴ የተዥጎረጎረ ቀለም ያመጣል፤ ሲከፋ መካከለኛው ቡቃያ ይበሰብሳል። ከአንድ ሺህ በላይ የተክል ዝርያዎችን ስለሚያጠቃ በሙዝ መካከል የሚዘሩ ዱባና ኪያር እንዲሁም አረሞች ምንጭ ይሆናሉ።
- የሙዝ ብራክት ሞዛይክ ቫይረስ፦ ዋና ምልክቱ በአበባው እምቡጥ ሽፋን ላይ የሚታዩ ጥቁር ቀይ ጭረቶች ናቸው። በዋናነት በእስያ ይታወቃል።
- የባክቴሪያ አጠውልግ፦ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ፍሬው ያለ ጊዜው ይበስላል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል። ተክሉ አይቀጭጭም።
- የፓናማ በሽታ፦ በፈንገስ የሚመጣ ነው። መጀመሪያ የሚገረጡት የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ሲሆኑ ግንዱ ሲሰነጠቅ ውስጡ ቡናማ ሆኖ ይታያል።
- የንጥረ ነገር ወይም የውሃ እጥረት፦ ቅጠል ሊያጠብና ሊያገረጣ ይችላል። ብዙውን ጊዜ በማሳው ላይ በስፋት ይታያል፤ ነጥብ፣ ሰረዝና መንጠቆ ግን የለውም።

በአጭሩ፣ በአዲስ ቅጠል ጀርባ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ነጥብና ሰረዝ ከመንጠቆ ጋር አብሮ ከታየ ባንቺ ቶፕ መሆኑ በጣም ያመዝናል።

ምርመራ

በዓይን የሚደረግ ፍተሻ ለዕለት ተዕለት ቁጥጥር በቂ ቢሆንም ምልክት ያላወጣን ተክል አይለይም። ለዚህ የላቦራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል። ኤላይዛ የተባለው ዘዴ የቫይረሱን ፕሮቲን በፀረ አካል ይለያል። ፒሲአር ደግሞ የቫይረሱን ዲኤንኤ አባዝቶ ስለሚያሳይ ጥቂት ቫይረስ እንኳ ሲኖር መለየት ይችላል። ለቲሹ ካልቸር የሚመረጡ እናት ተክሎች በእነዚህ ዘዴዎች መመርመር አለባቸው።

የእጅ ስልክም ለፍተሻ እየዋለ ነው። በ2019 ይፋ የሆነው ቱማይኒ የተባለ መተግበሪያ የሙዝን ፎቶ ተቀብሎ አምስት ዋና ዋና በሽታዎችንና አንድ ተባይን ለመለየት ይሞክራል፤ ባንቺ ቶፕ ከነዚህ አንዱ ነው። ስሙ በስዋሒሊ «ተስፋ» ማለት ነው። መተግበሪያው ከ20,000 በላይ ፎቶዎችን አይቶ እንዲማር የተደረገ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚያየው ካሜራው የሚያየውን ብቻ ስለሆነ ገና ምልክት ላላወጣ ችግኝ ንጽሕና ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

መከላከልና መቆጣጠር

ንጹሕ ችግኝ

በሽታው ወዳልገባበት አካባቢ ከተገኘበት ቦታ ምንም ዓይነት የሙዝ ልጅ ወይም ኮርም አለማስገባት የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው። ቲሹ ካልቸር በራሱ ቫይረስን አያጠፋም፤ እናቲቱ ከታመመች ችግኞቹም ሊታመሙ ይችላሉ። ኮርምን በሙቅ ውሃ መንከር ለነማቶድና ለኮርም ነቀዝ ይጠቅማል፤ ቫይረሱን ግን አያስወግድም። ንጹሕ ችግኝ የሚባለው ከተመረመረች እናት የተገኘና ክሽክሽ በማይደርስበት ቦታ ያደገ ነው።

ተከታታይ ፍተሻ

በሽታው በሚገኝበት አካባቢ እያንዳንዱ እግር በየሁለት ሳምንቱ ቢፈተሽ ይመከራል። አዲስ ቅጠል ተገልብጦ ይታያል፤ ልጆቹም አንድ በአንድ ይፈተሻሉ። የተተዉ ማሳዎችና በየግቢው ያለ ተንከባካቢ የሌላቸው ሙዞች መዘንጋት የለባቸውም፤ ብዙ ጊዜ የበሽታው መጠለያ እነርሱ ናቸውና።

የታመመን እግር ማጥፋት

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው።

1. በመጀመሪያ ክሽክሹን መግደል። ተክሉ፣ ልጆቹና በዙሪያው ያሉት እግሮች በተፈቀደ ፀረ ተባይ ወይም በሳሙና ውሃ ይረጫሉ። በተለይ የቅጠሉ ጥቅልና የግንዱ ሥር በደንብ መራስ አለባቸው። ክሽክሹ ሳይሞት ተክሉ ቢቆረጥ ተባዩ የሚደርቀውን ሙዝ ትቶ ወደ ጤነኛው ይሄዳል፤ ለማጥፋት የተደረገው ሥራም በሽታውን ያሰራጫል።
2. አንድ ቀን ያህል ቆይቶ እግሩን በሙሉ ማስወገድ። የታመመውን ተክል ብቻ ለይቶ ማውጣት አይበቃም፤ በአንድ ኮርም ላይ ያሉት ሁሉ እንደ ታመሙ ይቆጠራሉ።
3. ኮርሙን ቆፍሮ ማውጣትና በትንንሹ ከትክቶ ማድረቅ። ዓይን ያለው ቁራጭ ከቀረ እንደገና ይበቅላል። በአንዳንድ አገሮች ከመቆፈር ይልቅ ፀረ አረም በግንዱ ውስጥ ይወጋል።
4. ቦታውን በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ መመልከትና የበቀለ ቡቃያ ካለ ማጥፋት።

የተወገደው ተክል ልጅም ሆነ ቅጠል ወደ ሌላ ቦታ አይወሰድም። ሙዝ ሲጫን ለመደልደያ የሚውል ቅጠል ክሽክሽ ሊያጓጉዝ ስለሚችል ከታመመ ማሳ መቆረጥ የለበትም።

እንደገና መትከል

ቫይረሱ በአፈር ውስጥ ስለማይኖር መሬቱ አይበከልም። በማሳው ውስጥና በአቅራቢያው የታመመ ሙዝ አለመኖሩ ከተረጋገጠ፣ የቀረ ኮርም መብቀሉንም ካቆመ፣ በንጹሕ ችግኝ መትከል ይቻላል። ጎረቤት ማሳ ውስጥ የታመመ እግር ካለ ግን አዲሱ ተከላ በአጭር ጊዜ ይያዛል።

የማይሠሩ ዘዴዎች

የታመሙ ቅጠሎችን መቁረጥ፣ ማዳበሪያ መጨመር ወይም ዘለላው እስኪደርስ መጠበቅ በሽታውን አያስቀርም። መጠበቅ እንዲያውም ክሽክሹ ቫይረሱን እንዲያሰራጭ ጊዜ ይሰጣል። ክሽክሽን በመርጨት ብቻ፣ የታመመውን ተክል ሳያስወግዱ፣ በሽታውን መቆጣጠርም አይቻልም።

የዝርያዎች የመቋቋም ችሎታ

ለቫይረሱ ፈጽሞ የማይበገር ለገበያ የሚመረት የሙዝ ዝርያ አይታወቅም። የካቨንዲሽ ወገን የሆኑት፣ ማለትም ድዋርፍ ካቨንዲሽ፣ ዊሊያምስና ግራንድ ናይን፣ በቀላሉ ይያዛሉ። ግሮ ሚሼል የተባለው የቆየ ዝርያ በንጽጽር በዝግታ ይያዛል፤ እርሱም ቢሆን ከበሽታው አያመልጥም። የሚበላው ሙዝ ዘር ስለሌለው በማዳቀል አዲስ ዝርያ ማውጣት ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

የአውስትራሊያ ተሞክሮ

ባንቺ ቶፕን በሰፊው መቆጣጠር እንደሚቻል በቅድሚያ ያሳየችው አውስትራሊያ ናት። በሽታው በ1913 ከገባ በኋላ በኒው ሳውዝ ዌልስ ሰሜንና በኩዊንስላንድ ደቡብ ምሥራቅ ያለውን የሙዝ እርሻ አዳረሰ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ክፉኛ በተጠቁት አካባቢዎች ምርቱ ከ90 በመቶ በላይ ወረደ፤ ብዙ ገበሬዎችም መሬታቸውን ትተው ሄዱ።

በ1924 መንስኤውን የሚያጠና ቡድን ተቋቋመ። በቡድኑ ውስጥ የነበረው ቻርልስ ማጊ በሽታው በሙዝ ክሽክሽና በችግኝ እንደሚተላለፍ፣ በአፈር ግን እንደማይተላለፍ በሙከራ አረጋገጠ። ጥናቱ በ1927 ታተመ። በዚያን ጊዜ የቫይረሱን ቅንጣት ያየ ሰው አልነበረም፤ ቅንጣቱ ተለይቶ የታወቀው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው።

በማጊ ግኝት ላይ ተመሥርቶ በሕግ የተደገፈ ሥርዓት ተዘረጋ። ሙዝ ለመትከል ፈቃድ ማግኘት፣ ችግኝን ከተፈተሸ ቦታ ብቻ ማምጣት፣ ማሳን በየጊዜው ማስፈተሽ፣ የታመመውን ወዲያው ማጥፋትና የተተዉ ማሳዎችን ማጽዳት ግዴታ ሆነ። በ1930ዎቹ እርሻው አገገመ። ዛሬ ከአውስትራሊያ ሙዝ አብዛኛው የሚመረትበት የኩዊንስላንድ ሰሜናዊ ክፍል ከበሽታው ነጻ ነው። በደቡብ ግን በሽታው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ፍተሻውም አልቆመም።

ከዚህ ተሞክሮ የሚወሰደው ዋና ነገር ሥራው የአንድ ገበሬ ብቻ አለመሆኑ ነው። ማሳውን አጽድቶ የተከለ ሰው ጎረቤቱ ካላጸዳ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። በአፍሪካም ዓለም አቀፍ የትሮፒካል ግብርና ኢንስቲትዩትና አጋሮቹ በበርካታ አገሮች ያካሄዱት ሙከራ መንደሩ በሙሉ አብሮ የታመመ ሙዝን እንዲያስወግድና ንጹሕ ችግኝ እንዲተክል በማድረግ ላይ የተመሠረተ ነው። ለአነስተኛ አርሶ አደር ከባዱ ውሳኔ ቅጠሉ አረንጓዴ የሆነን፣ ምናልባትም ዘለላ የያዘን እግር መንቀል ነው። ስለዚህ ንጹሕ ችግኝ በቅርብና በአነስተኛ ዋጋ ሳይቀርብ «ንቀል» ማለት ብቻውን ብዙ ጊዜ ውጤት አያመጣም።

ኢትዮጵያና እንሰት

በኢትዮጵያ ሙዝ ከፍራፍሬዎች ሁሉ በብዛት የሚመረት ሲሆን ለገበያ ከሚቀርበው ብዙው የሚመጣው ከአርባ ምንጭ አካባቢ ነው። በስፋት የተተከሉት የካቨንዲሽ ወገን ዝርያዎች ናቸው፤ አርሶ አደሩም ልጅ የሚያገኘው በአብዛኛው ከራሱ ማሳ ወይም ከጎረቤት ነው። ሁለቱም ሁኔታዎች ለባንቺ ቶፕ የሚመቹ ናቸው።

የእንሰት ጉዳይ ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነው። እንሰት የሙዝ የቅርብ ዘመድ ሲሆን በኢትዮጵያ ደቡብና ደቡብ ምዕራብ ወደ 20 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች ዋና ወይም ደጋፊ ምግብ ነው። ቆጮና ቡላ የሚገኙት ከእርሱ ነው። ሙዝና እንሰት በብዙ ጓሮዎች ጎን ለጎን ይበቅላሉ። በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሻገር እንደሚችል ቀድሞ ታይቷል፤ የባክቴሪያ አጠውልግ በ1968 በእንሰት ላይ፣ በ1974 ደግሞ በሙዝ ላይ የተመዘገበው በኢትዮጵያ ነው። ከ2001 በኋላ ያው በሽታ በኡጋንዳና በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የሙዝ ማሳዎችን ጎድቷል።

እንሰት ለምግብ እስኪደርስ በርካታ ዓመታት ይወስዳል። በባንቺ ቶፕ የጠፋ የሙዝ እግር በንጹሕ ችግኝ ቢተካ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ፍሬ ሊሰጥ ይችላል፤ የጠፋ እንሰትን መተካት ግን የዓመታትን ስንቅ እንደገና መጀመር ነው። በዚህም ምክንያት ከውጭ የሚመጣ የሙዝ ችግኝ በእፅዋት ኳራንቲን ማለፉ ከሙዝ እርሻው ባሻገር የእንሰት አብቃዩንም ቤተሰብ ይመለከታል። ተጓዥ በሻንጣው ይዞት የሚገባ አንድ ልጅ በሽታውን ለማስገባት በቂ ነው።

ደግሞ ይዩ

- ሙዝ
- እንሰት
- የእንሰት አጠውልግ በሽታ
- የፓናማ በሽታ
- ክሽክሽ
- የተክል ቫይረስ
- ቲሹ ካልቸር